ግራ መንጋጋዬን ለዶሮ የገበርኩበት ጾም

ስለ አፌ ውስጥ ጉዳይ ከሰው ጋር የማወራ ሴት አልነበርኩም። በዚህ ሁሉ ዕድሜዬ ጥርሴን ያየው የሳቅኩለት ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ብዙ አይደለም። ዘንድሮ ግን ከአዲሱ ገበያ እስከ ቀጨኔ የእኔን ድድ ታሪክ ያልሰማ ሰው የቀረ አይመስለኝም። የሚወራው ደግሞ ተጨምሮበታል። ዶሮ ታስተምራለች የሚል አለ። ጠንቋይ ቤት ሄዳለች የሚልም አልጠፋም። ስለዚህ እውነተኛውን፣ ማለትም ከወሬው የባሰውን፣ እኔው ብጽፈው ይሻላል ብዬ ተቀመጥኩ።

ነገሩ የጀመረው ከታችኛው የፊት ጥርሴ ነው፤ በቀኝ በኩል ካለው። ጥር ውስጥ አንድ ጠዋት አፌን ስጉመጠመጥ ምላሴ ሲነካው ወደ ፊት ዘንበል ብሎ ተመለሰ። ልክ እጅ እንደሚነሳ ሰው። እኔ ደግሞ ጥርሴ እጅ እንዲነሳኝ አልፈልግም፤ ቀጥ ብሎ ቢቆም ይበቃኛል።

አንድ ጥርስ ቢወልቅ ምን ይሆናል የሚል አንባቢ ይኖራል። አስራ ሁለተኛ ክፍል እንደጨረስኩ የተቀጠርኩት በስልክ አገናኝነት ነው። ያኔ ጥሪ ሁሉ በሰው እጅ ያልፍ ነበር፤ ገመዱን ከቀዳዳው እንሰካና «ይጠብቁ፣ አገናኛለሁ» እንላለን። ድምፄ ያማረ አልነበረም፤ ጥርት ያለ ግን ነበር። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ያ ጥራት የሚያገለግለው የሰፈራችንን እድር ነው። ጸሐፊዋ እኔ ነኝ። በየዓመቱ ከዳግም ትንሣኤ በኋላ ጠቅላላ ጉባኤ ሲደረግ አባላቱ ሁሉ ይቆማሉ፤ እኔም በዓመቱ ያረፉትን ሰዎች ስም አንድ በአንድ አነባለሁ። የዘንድሮው ዝርዝር ስድስት ስም አለው። አራተኛው የታናሽ እህቴ የጽጌ ነው። ስሟን እያፏጨሁ ላነበው አልፈለግኩም። ስለዚህ ጉዳይ የምለው ይህንኑ ነው።

ጳውሎስ አካባቢ ፎቅ ላይ ወዳለ አንድ ክሊኒክ ሄድኩ። ሐኪሙ ልጅ እግር ነው። በቀጭን ብረት ድዴን ነካ ነካ አድርጎ ደሙን አሳየኝ።

«እማማ፣ ድድዎ ታሟል። ባክቴሪያው ከድድዎ ስር ገብቶ ተደላድሎ ተቀምጧል።»

«ማን አስገባው?»

«ቆይቷል እኮ፤ ዓመታት ሆኖታል።»

«እና እስከ ዛሬ ዝም ብሎ ተቀመጠ?»

«ዝም አላለም እማማ። ጥርሱን የያዘውን አጥንት ሲበላ ነበር።»

በዚያው ቀን የቀኙን ጎን ከድዱ ስር ጠረገልኝ። የግራውን በሳምንቱ መጥቼ እንድጠረግ ቀጠረኝ። ጠዋትና ማታ እንድቦርሽ አዘዘኝ፤ አቦራረሹንም በፕላስቲክ መንጋጋ ላይ አሳየኝ። «ከፋሲካ በፊት አየዋለሁ። ጥርሱ ከጠበቀ ጠበቀ፤ ካልጠበቀ እንነቅለዋለን» አለኝ።

ስመለስ ታክሲ ውስጥ አፌ በማደንዘዣው ምክንያት የእኔ አልነበረም። መውረጃዬ ሲደርስ «ወራጅ አለ» ልል ስል የወጣው ነገር ምን እንደሆነ እስካሁን አላወቅኩም። ረዳቱ ዞሮ «እማማ፣ አመመዎት?» አለኝ። ራሴን ነቀነቅኩ። እሱ ደህና ነኝ ያልኩ መስሎት መኪናው ቀጠለ። ሁለት ፌርማታ አልፌ ከሌላ ሰው ጋር ወረድኩ። ሽቅብ ወደ ኋላ እየተጓዝኩ፣ በጉባኤው ቀን እንዲህ ሆኜ ወረቀት ይዤ ስቆም ታየኝ። ያን ጊዜ ነው በእውነት የፈራሁት።

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ሕይወት መጣች። ሕይወት የጽጌ ልጅ ናት፤ የጥርስ ሕክምና የመጨረሻ ዓመት ተማሪ። ለጥርሴ አዝና ለስላሳ ዳቦ ይዛልኛለች። ሻይ ቀድቼላት ተቀመጥን።

«እቴቴ፣ ውጭ አገር ምን እየሞከሩ እንደሆነ ልንገርሽ?» አለች። «ያንኑ የድድ ባክቴሪያ ይገድሉትና ዶሮ ይወጉበታል። የዶሮዋ ሰውነት ባዕድ ነገር ገባብኝ ብሎ አንቲቦዲ ይሠራል።»

«ምን ይሠራል?»

«አንቲቦዲ። ያንን ባክቴሪያ ብቻ ለይቶ የሚይዝ ነገር ነው። ዶሮዋ ደግሞ ጫጩቷን እንዲጠብቅላት እንቁላሉ አስኳል ውስጥ ታስቀምጠዋለች። ሰዎቹ ከአስኳሉ አውጥተው እንደ ከረሜላ የሚመጠጥ ያደርጉታል። አፍ ውስጥ ሲሟሟ አንቲቦዲው ባክቴሪያው ላይ ይለጠፋል፤ ባክቴሪያውም ድድ ላይ መጣበቅ ያቅተዋል።»

ከወንበሬ ተነሳሁ። ገመዱ ይመጣል፤ ቀዳዳው ውስጥ ግን መግባት አልቻለም። ይህንን እኔ አውቀዋለሁ።

«መስመሩ ተይዟል ማለት ነዋ!»

«ምን?»

«ባክቴሪያው ይደውላል፤ ድዱ ግን አያነሳለትም።»

ሕይወት ሻዩን አፏ ጋ እንዳደረሰችው ቀረች። «አስተማሪያችን ሙሉ ጠዋት ፈጅቶ እንዲህ አላስረዳንም» አለች።

ከዚያ በኋላም ተናገረች። ነገሩ ገና ጥናት ላይ መሆኑን፣ ብሩሽን እንደማይተካ፣ እዚህ አገር እንደሌለ የነገረችኝ ይመስለኛል። ይመስለኛል የምለው ስላልሰማኋት ነው። በመስኮት ወደ ግቢው እያየሁ ነበር። ግቢው ውስጥ ዶሮ አለች።

ለፋሲካ ትደርሳለች ብዬ ከአዲሱ ገበያ የገዛኋት ገብስማ ቄብ ናት፤ ገና እንቁላል መጣል ያልጀመረች። ደስታዬን በሰው ፊት የማወጣ ሰው አይደለሁም። ሕይወት ከሄደች በኋላ ግን ሻዬ ውስጥ ሁለት ጊዜ ስኳር ጨመርኩና ሳላማስል ጠጣሁት።

መርፌ የለኝም፤ ቢኖረኝም ዶሮ የመውጋት ልብ የለኝም። ቁጭ ብዬ አሰብኩ። ባክቴሪያው ያለው አፌ ውስጥ ነው። ዶሮዋም የሚሰጣትን የምትቀበለው በአፏ ነው። ከአፍ ወደ አፍ ማገናኘት ደግሞ ሠላሳ አንድ ዓመት የሠራሁት ሥራ ነው። በማግስቱ ጠዋት ደረቅ ዳቦ በግራ መንጋጋዬ አኝኬ አቀረብኩላት።

በግራ ያልኩት በምክንያት ነው። ቀኙ ተጠርጓል፤ ባክቴሪያው የቀረኝ በግራ ብቻ ነው። የሳምንቱ ቀጠሮ ሲደርስም ክሊኒኩ ደውዬ ሰረዝኩት። ዘሩ ይጠፋብኛላ! ከዚያ ቀን ጀምሮ ቀኙን ጎን እንደታዘዝኩት ጠዋትና ማታ እቦርሻለሁ፤ ከፊት ጥርሶቼ መካከል ስደርስ ብሩሹን አወጣለሁ። ከዚያ ወዲያ ያለው የዶሮዋ ክልል ነው። ሁለቱንም ወገን ሳላስቀይም አፌን እኩል አካፈልኩ።

እንደ ድሮው የጥሪ መዝገብ ደብተር ከፈትኩ። ቀን፣ ሰዓት፣ የታኘከው ነገር፣ የዶሮዋ ሁኔታ። የመጀመሪያው ቀን «ጠረጠረች» ይላል። የሦስተኛው ቀን «በላች» ይላል። የአሥረኛው ቀን «ያልታኘከ አልበላም አለች» ይላል።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ነበረብኝ። ገብስማዋ ጥራጥሬ ሲበተንላት በእግሯ ገፋ አድርጋ ታልፈዋለች። በሩ ስር ቆማ አንገቷን ዘንበል አድርጋ አፌን ታያለች። ቆይታ የእኔን ብቻ ሳይሆን የማንንም ሰው አፍ ማየት ጀመረች። የመብራት ቆጣሪ ሊያነብ የመጣው ሰው አንድ ጥያቄ ጠይቆኝ መልሱን ሳይጠብቅ ወጣ።

ዘሃራ ግን እንዲህ በቀላሉ የምትወጣ ሴት አይደለችም። ዘሃራ የመንገዱ አፍ ላይ ሱቅ ያላት፣ አርባ ዓመት ግድግዳ የምንጋራ ጎረቤቴ ናት። መጥታ ደረጃው ላይ እንደተቀመጠች ገብስማዋ ፊቷ ቆመች።

«አንቺ፣ ይህች ዶሮ ምን ሆና ነው አፍ አፌን የምታየኝ?»

«እንግዳ አይታ ነው።»

«እኔ ነኝ እንግዳ? እሷ ናት የትናንት!» ሻርፗን አፏ ላይ ጣል አደረገች። ገብስማዋ ሻርፑ እስኪነሳ ጠበቀች። «ወላሂ፣ ከእኔ የምትጠብቀው ነገር አለ። ንገሪኝ፣ ምን አድርገሻታል?»

ነገርኳት። ግድግዳውን ይዛ እስክትንፈቀፈቅ ሳቀች። ዓይኗን ጠራርጋ ስትጨርስ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «የኔም ድድ እኮ ይደማል። ለኔስ ይሆናል?» አለች።

ዘንድሮ ዓቢይ ጾምና ረመዳን ተከታትለው ገቡ፤ ሰፈራችን በአንድ ሳምንት ውስጥ ጾመኛ ሆነ። ገብስማዋ ቅበላውን ሁሉ ዝም ብላ ከረመች። የጾሙ የመጀመሪያ ሰኞ ጠዋት ግን ግቢውን በጩኸት አናወጠችው። ሮጬ ወጣሁ። ሮጬ ስል በእኔ አቅም ነው። ድርቆሹ ላይ ትንሽዬ፣ ትኩስ እንቁላል! በሁለት እጄ ይዤው ግቢውን ሁለት ጊዜ ዞርኩ። ሦስተኛውን ልጀምር ስል ቀኑ ትዝ አለኝ። ሐምሳ አምስት ቀን ጾም ከፊቴ ተዘርግቷል፤ እኔ ደግሞ መድኃኒቴን በእጄ ይዤ ቆሜያለሁ።

ወደ ቀጨኔ ወርጄ የንስሐ አባቴን አገኘኋቸው። ከእኔ በዕድሜ ያንሳሉ፤ ቢሆንም ልጄ ነው የሚሉኝ።

«አባቴ፣ እንቁላል አፍ ውስጥ ተይዞ ሳይዋጥ ቢተፋ ጾም ይፈታል?»

ጢማቸውን ያዙ። «ለምን ይያዛል?»

«ለመድኃኒት።»

«ሐኪም ነው ያዘዘው?»

ቀሳውስት ፊት ዋሽቼ አላውቅም። «ሐኪሙ ያዘዘው ብሩሽ ነው።»

«እንቁላሉንስ?»

«እሱን ዶሮዋን ያዘዝኳት እኔ ነኝ።»

ከጀመርኩ አይቀር ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ዳቦውንም፣ መንጋጋውንም፣ ደብተሩንም። የሰው ኃጢአት ሲሰሙ ፊታቸው የማይለወጥ ሰው ናቸው። ያን ቀን ግን መስቀላቸውን ከአንዱ እጃቸው ወደ ሌላው ሁለት ጊዜ አዛወሩት።

«ልጄ፣ ጾሙ እስኪፈታ ይቆይ» አሉ በመጨረሻ። «እግዚአብሔር ለድድሽም ትዕግሥት ይስጠው።»

መስቀል ተሳልሜ ልወጣ ስል ጠሩኝ። ግራ ቀኙን አይተው «ለፋሲካ ሁለት እንቁላል ብታስቀምጪልኝ። እኔንም ያደማኛል» አሉ።

ዘሃራ ይህን ስትሰማ ተደሰተች። «እኔ መግሪብ ላይ ማፍጠሬ አይቀርም፤ ስጪኝና ልሞክርልሽ። ከሠራ አንቺም በፋሲካሽ ትጀምሪያለሽ። ካልሠራ እኔ እንቁላል በላሁ» አለች። ከዚህ የተሻለ ፍርድ አላገኘሁም። ገብስማዋ የጣለችውን ሁሉ ለዘሃራ አሳልፌ ሰጠሁ፤ ደብተሩ ላይም «ዘሃራ» የሚል አዲስ ገጽ ከፈትኩ።

ሁለተኛው ሳምንት ሳያልቅ ዘሃራ በጠራራ ፀሐይ ሱቋን ክፍት ትታ መጣች። መንገድ ላይ ሰው ፊት አቁማኝ ከንፈሯን ገልብጣ ድዷን አሳየችኝ።

«እይው! ቆመ እኮ! በነጭ ጨርቅ ብታሺው ጠብ አይልም! እይው እንጂ!»

አየሁት። ሮዝ ሆኗል፤ ደም የሚባል የለም። እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ መንገድ ላይ እልል አልኩ። አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ አጭር ነው፤ ቢሆንም እልልታ ነው። ሠርቷል! ጉለሌ ውስጥ፣ በደረቅ ዳቦና በአንዲት ቄብ!

ከዚያ በኋላ ቤቴ ቤት አልሆነም። የድድ ታማሚ እንዲህ ብዙ መሆኑን አላውቅም ነበር። ለፋሲካ እንቁላል እንዳስቀምጥላቸው ስማቸውን የሚያስመዘግቡ ሴቶች መጡ። አንዷ ይባስ ብላ የራሷን ዶሮ በብብቷ ይዛ መጣችና «ለኔም አኝኪልኝ» አለችኝ። እሷን እምቢ ማለት ስላልቻልኩ ሁለተኛዋንም፣ ሦስተኛዋንም እምቢ ማለት አልቻልኩም። በጾሙ አጋማሽ ጠዋት በሬን ስከፍት አራት ዶሮዎች ተሰልፈው አፌን ያዩኛል። አራት መስመር በአንድ ጊዜ ሲጠራ እንዴት እንደሚደረግ የማውቀው ሥራ ነው። «ይጠብቁ» እያልኩ በተራ አስተናገድኳቸው።

ግራ ጉንጬ እብጥ ማለት ጀመረ። ማንኛውም ጤነኛ ሰው ይፈራል። እኔ ግን ደብተሩ ላይ «ዘሩ ጎልብቷል» ብዬ በደስታ ጻፍኩ።

ሕይወት ፈተና ላይ ስለነበረች ያን ሁሉ ጊዜ አልመጣችም። ከሆሳዕና በፊት ባለው ሳምንት በሩን ከፍታ ስትገባ፣ እኔ ጉንጬ አብጦ፣ አፌ በዳቦ ተሞልቶ፣ አራት ዶሮዎች ከብበውኛል። ዘሃራ ደረጃው ላይ ተቀምጣለች።

«እቴቴ፣ ምንድን ነው የምታደርጊው?»

አፌ ሙሉ ስለነበር ዘሃራ በእኔ ፋንታ አስረዳች፤ እያሳመረች፣ ድዷን እያሳየች። ሕይወት ሰምታ ጨረሰችና አጠገቧ ደረጃው ላይ ተቀመጠች።

«እትዬ ዘሃራ፣ እንቁላሉን እንዴት አድርገው ነው የሚበሉት?»

«ቀቅዬ ነዋ! እስኪጠና።»

«ሲቀቀል እኮ አንቲቦዲው ይበላሻል። ደግሞም ገና ከመጀመሪያው የለም። ዶሮዋ የምትወጋው ለዚህ ነው። ባክቴሪያውን ከዳቦ ጋር ከዋጠችውማ እንደ ዳቦው ፈጭታ ትጨርሰዋለች።»

«ታዲያ የእኔን ድድ ማን አዳነው?»

«እንቁላሉን ከያዙ ወዲህ ሌላ አዲስ የጀመሩት ነገር አለ?»

«ምንም የለም። ያው በረመዳኑ አፌ እንዳይሸት ከየሶላቱ በፊት በመፋቂያ መፋቅ ጀመርኩ፤ ከዚያ ወዲህም አልተውኩም።»

«በቀን አምስት ጊዜ?»

«አምስት ጊዜ።» ዘሃራ ጣቶቿን ዘርግታ አየቻቸው። ከዚያ ገብስማዋን አየች። «እና እኔ ይህን ሁሉ ቀን ለዚህች ነው ዱዓ ሳደርግ የከረምኩት?»

ሕይወት ወደ እኔ ዞረች። እናቷ ስትቆጣ እንዲህ ነበር የምታየኝ። «ተነሺ፤ ጫማሽን አድርጊ» አለችኝ።

ክሊኒኩ ወንበር ላይ ስጋደም ገብስማዋን ረሳሁ፤ እንቁላሉንም ረሳሁ። የማስበው የታችኛውን ጥርስ ብቻ ነው። ሐኪሙ ብረቱን ይዞ መጣ። ገፋው። ጥርሱ አልተንቀሳቀሰም። ደግሞ ገፋው።

«ጠብቋል እማማ! የቀኙ ድድ በጣም ጥሩ ነው። ጎበዝ ነዎት!»

በአፍንጫዬ ረጅም ትንፋሽ አወጣሁ። እሱ መብራቱን ወደ ግራ አዞረ። ወደ ቀኝ መለሰው። እንደገና ወደ ግራ።

«እማማ… ይሄ አፍ የሁለት ሰው ነው?»

«ንገሪው» አለች ሕይወት።

ነገርኩት። ደብተሩም ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፤ አንብቦ የአሥረኛው ቀን ላይ ሲደርስ ወንበሩን ወደ ግድግዳው አዞረ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ይታየኛል። ተመልሶ ሲዞር ዓይኑ ቀልቷል።

«ሳያውቁት ጥሩ ጥናት ሠርተዋል» አለኝ። «ግማሽ አፍ ታከመ፤ ግማሹ አልታከመም። ቀኙን ያዳነው መጠረጉና ብሩሽዎ ነው። አንዱን የግራ መንጋጋ ጥርስ ግን አላድነውም።»

ነቀለው። በጨርቅ ጠቅልሎ ሰጠኝ። ትልቅ ጥርስ ነው፤ ዕድሜ ልኩን ቆሎ ፈጭቶልኛል። ቦታው ከኋላ ነው፤ ክፍተቱን ማንም አያየውም። የተቀረውን ግራ ጎኔን እዚያው ጠራርጎ አንድም ዘር አላስቀረልኝም።

ሦስቱ ዶሮዎች ወደየባለቤቶቻቸው ተመለሱ። ጥራጥሬ እንዲበሉ ማስለመዱ ሳምንት እንደፈጀ ሰምቻለሁ፤ እስካሁን የማያናግሩኝ ሴቶች አሉ። ፋሲካ ሲደርስ ገብስማዋን ለማረድ የሚደፍር ሰው አልተገኘም። ቢላ የያዘውን ሰው አፍ አፉን እያየች እንዴት ይሆናል? ከአዲሱ ገበያ ሌላ ዶሮ ተገዛ። የንስሐ አባቴ ግን ሁለቱን እንቁላሎች አልረሱም። ዘሃራ መርጣ ከሰጠችኝ መፋቂያ ጋር ላክሁላቸው።

ጉባኤው የተደረገው እኔው ግቢ ውስጥ፣ ሸራ ተወጥሮ ነው። ሰዓቱ ሲደርስ ሁሉም ተነሳ፤ እኔም ወረቀቱን ይዤ ቆምኩ። አንደኛውን ስም አነበብኩ። ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን። ከዚያ ምላሴን ከታች ጥርሴ ጀርባ አሳረፍኩ፤ እዚያው ነበር። «ወይዘሮ ጽጌ» አልኩ፤ የአባታችንንም ስም ጨመርኩ። ከሸራው ዳር የቆሙት ድረስ ጥርት ብሎ ተሰማ። አምስተኛውንና ስድስተኛውን ቀጠልኩ።

በእንዲህ ያለ ጊዜ ሰው መሬት መሬቱን ነው የሚያየው። ሕይወትም አቀርቅራ ነበር፤ ዘሃራም እጇን ዘርግታ ዓይኗን ጨፍናለች። ቀና ብላ የምታየኝ አንዲት ብቻ ነበረች። ገብስማዋ በሰው እግር መሀል ተሹለክልካ ከፊቴ ቆማ፣ አንገቷን ዘንበል አድርጋ፣ ከመጀመሪያው ስም እስከ መጨረሻው አፌን ስታይ ቆየች።

ሰው ሁሉ ከተቀመጠ በኋላ ወረቀቱን አጠፍኩ። ከኪሴ ቁራሽ ዳቦ አወጣሁና በቀኝ በኩል አኘክሁላት።